ጭስ ነው ወይስ ወፍ?

ውባለም የመጀመሪያውን ፎቶ በስልኳ አንስታ የላከችው ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ነበር። መልሱ በማግስቱ ጠዋት መጣ። «እህቴ፣ ይሄ ጭስ ነው ወይስ ወፍ?» ይላል።

የጻፈላት አቶ ዘውዴ የሚባል የፀረ ወፍ መርዝ የአውሮፕላን ርጭት ቡድን አስተባባሪ ነው። በድምፅ እንጂ በመልክ አይተዋወቁም። ደወለችለት። በቁጣ ሳይሆን በድካም ነው ያስረዳት። ያለው አንድ አውሮፕላን ነው፤ የሚፈልጉት ቦታዎች ሦስት ናቸው። ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡድኑ ተሰብስቦ መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል።

«የመንጋው ብዛትና የሚያድርበት ቦታ በግልጽ የሚታይበት ፎቶ እስከዚያ ይድረሰኝ» አላት። «ያለ እሱ ምንም ልልሽ አልችልም።»

ውባለም የወረዳው የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ናት። ደብረ ሲና ተወልዳ አድጋ፣ ሸዋ ሮቢት ተመድባ ቆላውን መልመድ ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ስለ ግሪሳ ወፍ ኮሌጅ ተምራለች። ክብደቱን፣ በቀን የሚበላውን፣ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ በቃሏ ትወጣዋለች። በዓይኗ ያየችው ግን በዚህ ጥቅምት ነው።

ግሪሳው የወረደው ጀውሃ ወንዝ ዳር ባሉት የማሽላ ማሳዎች ላይ ነበር። ማሽላው ወተት ይዟል፤ ፍሬውን በጥፍር ሲጫኑት ነጭ ይተፋል። ወፉ የሚወደው ይህን ጊዜ ነው። ስምንት ቀን ሙሉ የአካባቢው ሰው ከጎህ እስከ ምሽት ማማ ላይ ከረመ። ቆርቆሮ ይደበደባል፣ ወንጭፍ ይወነጨፋል፣ ጅራፍ ይጮሃል። ወፉ ከአንዱ ማሳ ይነሳና ሌላው ላይ ያርፋል።

ከገበሬዎቹ አንዱ ጋሽ ኑዕማን ናቸው። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ እንደ ወጣት የሚራመዱ ሰው። ሲጮሁ ከርመው ድምፃቸው ተዘግቷል። ውባለም የአቶ ዘውዴን መልስ ስትነግራቸው በተዘጋው ድምፃቸው እንደምንም ጮኹ።

«ጭስ ነው አሉን?»

«ፎቶው ስላልጠራ ነው ጋሼ። ስልኬ ከሩቅ አያነሳም።»

«ስምንት ቀን ከጭስ ጋር ነው የታገልኩት በያቸዋ! ማሽላዬን የጨረሰው ጭስ ነው በያቸው!»

ያን ጊዜ ነው ውባለም መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ያለችው ካሜራ ትዝ ያለቻት። ከእሷ በፊት የነበሩት ባለሙያ የገበሬ በዓል ሲኖር የሚያነሱባት፣ ባለ ረጅም ሌንስ፣ ከባድ ካሜራ ነበረች። አሁን የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጣለች። ጀርባዋ ላይ ያለው መስታወት ተሰንጥቆ ጠቁሯል፤ ጥጉ ላይ ካለችው የባትሪ ምልክት በቀር ምንም አያሳይም። ቢሆንም ቁልፉን ሲጫኑት ቀጭ ትላለች። ቀጭ ካለች ታነሳለች ማለት ነው ብላ ባትሪውን አስሞልታ ሐሙስ ወደ ጀውሃ ወረደች።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኑዕማን ማማቸው ላይ ሆነው ወፍ ሲከላከሉ አነሳቻቸው። አመሻሹ ላይ ከማማው ወርደው፣ ወንዙ ዳር ሸንበቆና ግራር ተቀላቅሎ ወደበቀለበት ይዘዋት ሄዱ። ግሪሳው የሚያድረው እዚያ ነው። መንጋው ከየማሳው ተሰብስቦ ሲገባ ውባለም ዓይኗን ከካሜራዋ ሳትነቅል ቁልፉን ተጫነች። ያነሳችውን ማየት አልቻለችም። ካርዱ ውስጥ ፎቶ ይኑር ባዶ ይሁን፣ ሁለቱም ሳያውቁ ተለያዩ።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ኑዕማን ማማውን ለባለቤታቸው ለመሊካ ትተው በሚኒባስ ሸዋ ሮቢት ገቡ።

«ለምን ደከሙ ጋሼ? እኔው እልከው ነበር» አለቻቸው ውባለም።

«በዓይኔ ሳላይ አልመለስም» አሉ። «ዛሬ ደግሞ ደመና ነው እንዳይሉን።»

ከተማው ውስጥ ከማለዳ ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር አይሠራም፤ የካሜራዋን ባትሪም ዳግም መሙላት አይቻልም። ውባለም ካሜራዋንና ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ያገኘችውን ገመድ ይዛ፣ ጋሽ ኑዕማንን አስከትላ፣ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው የፈይሩዝ ቤት ሄደች።

ፈይሩዝ ማመልከቻ ትተይባለች፣ ፎቶ ታትማለች፣ ኮፒ ታነሳለች፤ ስልክ አልሠራ ያለውም ወደ እሷው ነው የሚመጣው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ከተማ ውስጥ ተወልዳ ከተማ ውስጥ ያደገች። ላፕቶፗ የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ቢጠፋም አምስት ስድስት ሰዓት ይሠራል። ጉዳዩን ሰምታ ሳቀች።

«ይሄማ የደቂቃ ሥራ ነው። ካርዷን አውጪያትና ስጪኝ።»

ውባለም የካሜራዋን ሆድ ከፍታ ካርዷን አወጣች። ፈይሩዝ መዳፏ ላይ አስቀምጣ አየቻትና ሳቋ ቆመ።

«ውይ፣ ይቺማ የድሮ ናት። ስፋቷን እያት፣ ብስኩት ታክላለች። የእኔ ማንበቢያ ትንንሾቹን ብቻ ነው የሚቀበለው።»

«ሌላ ሰው ጋ አይኖርም?»

«ሸዋ ሮቢት ውስጥ? አይመስለኝም። በገመድ እንሞክር።»

ካርዷን መለሱ። ገመዱን ከካሜራዋ ጎን ካለው ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ አገናኙ። ካሜራዋ ስትበራ ጥጉ ላይ ሦስት የባትሪ ሰረዝ ታየ። ላፕቶፑ ግን ምንም እንዳልተነካ ዝም አለ። ፈይሩዝ ገመዱን ነቅላ በሌላኛው ቀዳዳ ሰካችው። ዝም። በሦስተኛው ሰካችው። ዝም። ላፕቶፑን አጥፍታ አስነሳችው፤ ያው ነው።

«ገመዱ ይሆናል» አለችና መሳቢያዋን ከፍታ የተጠላለፈ ገመድ በሁለት እጇ አወጣች። «አንዳንዱ ገመድ ለቻርጅ ብቻ ነው የሚሠራው። ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ፎቶ ግን አያሳልፍም። ከውጭ ስታይው አትለይውም።»

ጋሽ ኑዕማን ጥግ ላይ ሰሌን ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል። ገመድ ከገመድ ሲፈታ በጥሞና ያያሉ። ፈይሩዝ ለካሜራዋ ቀዳዳ የሚስማማ ሌላ ገመድ አገኘች። ሰካችው። ላፕቶፑ «ቲንግ» አለ። ውባለም እጇን አጨበጨበች። ወዲያው «ቶንግ» አለና ግንኙነቱ ተቋረጠ። ደግማ ሰካች። ቲንግ፣ ቶንግ። የላፕቶፑ ሰሌዳ ላይ የገባው ዕቃ አልታወቀም የሚል ጽሑፍ ብቅ ብሎ ጠፋ።

«ቢያንስ አንድ ነገር እንደገባ አውቋል» አለች ፈይሩዝ። «ምን እንደሆነ ነው ያላወቀው። ማስተዋወቂያውን ልጫንለት።»

በስልኳ ኢንተርኔት የካሜራዋን ፕሮግራም ፈልጋ ማውረድ ጀመረች። ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል። ወርዶ እስኪያልቅ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ጋሽ ኑዕማን ለጁምዓ ሰላት ተነሱ።

«አላህ ያግራላችሁ» ብለው ወጡ።

ሲመለሱ ሰባት ተኩል አልፎ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ላብ አጥምቋቸዋል፤ ማራገቢያው መብራት የለውምና ቆሟል። ፕሮግራሙ ተጭኗል፤ ካሜራዋ ስትሰካ ግን ላፕቶፑ አሁንም ቲንግ ብሎ ቶንግ ይላል። በየሙከራው መሐል ቢያጠፏትም ከሦስቱ የባትሪ ሰረዝ የቀረው አንዱ ብቻ ነው። ውባለም ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋለች።

ጋሽ ኑዕማን ሰሌኑ ላይ አልተቀመጡም። ከፈይሩዝ ጀርባ ቆመው እጇን ማየት ጀመሩ። ሰካች፣ ነቀለች፣ ሰካች።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ገፋ ስታደርጊው ነው የሚጮኸው። ስትለቂው ነው የሚሄደው።»

ፈይሩዝ ገመዱን በጣቷ ገፋ አድርጋ ያዘችው። ቲንግ። ጣቷን አላላች። ቶንግ። ቀና ብላ አየቻቸው።

«እንዲያ ከሆነ ጠብቆ አልገባም ማለት ነው» አለች።

«አምጪያት፣ ብርሃን ጋ ልያት።»

ካሜራዋን እንደ ጨቅላ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ በሩ ወጡ። ቀዳዳዋን ወደ ፀሐይ አዞሩ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደጋግመው አዟዙረው ካዩ በኋላ «እብቅ ነው» አሉ።

«ምን?»

«የማሽላ እብቅ። ትናንት ወፉ ሲፈጭብን ከላይ የሚዘንበው። ዳር ላይ ገብቶ ተቀምጧል።»

ውባለም መጥታ አየች፤ አልታያትም። ፈይሩዝ የስልኳን መብራት አብርታ አየች፤ እሷ አየችው። የቁንጫ እግር የምታህል፣ ቢጫ፣ ቀዳዳው ግድግዳ ላይ የተለጠፈች።

«መርፌ አለሽ?» አሉ ጋሽ ኑዕማን።

«መርፌ አይሆንም! ውስጡ ቀጫጭን ብረቶች አሉ፣ ይጣመማሉ። በአፍዎም እፍ እንዳይሉበት፣ እርጥበት ይገባል።»

ጎንበስ ብለው ከሰሌኑ ጠርዝ ያፈነገጠ ክር የሚያህል ቅጠል በጠሱ። ጫፉን በጥፍራቸው አሾሉት። ሃምሳ ዓመት አረም የነቀለው፣ መጅ ያወጣው እጃቸው እንዲያ ረግቶ መሥራት ይችላል ብሎ የገመተ አልነበረም። ፈይሩዝ መብራቱን ያዘችላቸው። ቅጠሉን አስገብተው በዳሩ በኩል አንዴ ሳቡት፤ እብቋ ጫፉ ላይ ተጣብቃ ወጣች።

ፈይሩዝ ገመዱን ሰካች። ቲንግ።

ቶንግ አልመጣም። ሰሌዳው ላይ መስኮት ተከፈተና አንድ ቁጥር አሳየ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት።

«አሉ!» አለች ውባለም። «ፎቶዎቹ አሉ!»

«ባትሪዋ ብልጭ ድርግም እያለች ነው» አለች ፈይሩዝ። «የትኞቹን ላስቀድም?»

«የመጨረሻዎቹን። ማደሪያው እዚያ ነው ያለው።»

ፈይሩዝ ከመጨረሻው ወደ ኋላ መቅዳት ጀመረች። አረንጓዴው መስመር ዘግይቶ ዘግይቶ ይሞላል። አሥር። ሃያ ስምንት። አርባ አምስት። ጋሽ ኑዕማን ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ስልሳ አንደኛው ገብቶ እንዳለቀ ካሜራዋ በራሷ ጊዜ ጠፋች፤ ደግማም አልበራ አለች። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው።

«ስልሳ አንድ ይዘናል» አለች ፈይሩዝ። የመጀመሪያውን ከፈተችው።

የምሽት ሰማይ ነው፤ ብርቱካናማ፣ ከሥሩ የግራሩ ጥላ። በመካከሉ ከዳር እስከ ዳር የተጎተተ ጥቁር ነገር አለ።

ፈይሩዝ ሳትወድ «እውነትም ጭስ ይመስላል» አለች።

«አቅርቢዋ» አለች ውባለም።

ፈይሩዝ ማውዟን አሽከረከረች። ጭሱ ሰፋ፤ አሁን የተበተነ ጤፍ መሰለ። ደግማ አሽከረከረች። ጤፉ ክንፍ አወጣ። ሌላ ጊዜ አሽከረከረች፤ እጇም እዚያው ማውዟ ላይ ቀረ።

ወፎች ናቸው። እያንዳንዳቸው ሙሉ ወፍ። ቀይ ምንቃራቸው ይታያል፣ የተዘረጋው የክንፋቸው ላባ ይቆጠራል፣ ወደ ሆዳቸው የታጠፈ እግራቸው ይለያል። አንዱ ክንፉን ወደ ላይ አንስቷል፣ ጎረቤቱ ወደ ታች መቷል፣ ሌላው ጎኑን አዙሯል። ፈይሩዝ ወደ ቀኝ ሄደች፤ ወፍ። ወደ ግራ ሄደች፤ ወፍ። ወደ ላይ ወጣች፤ መጨረሻ የለውም። ከመሐላቸው አንዱ አንገቱን አዙሮ በቀጥታ ወደ እነሱ ያያል። ዓይኑ ውስጥ የምትጠልቀው ፀሐይ እንደ ነጥብ በርታለች።

«ሱብሐነላህ» አሉ ጋሽ ኑዕማን በሹክሹክታ።

በሩ ላይ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ሰው ቆሞ ነበር፤ እሱም አንገቱን አስግጎ ያያል።

«አንዱ አንዱን አልነካም» አለች ፈይሩዝ ቆይታ። «ይሄ ሁሉ ሆነው፣ እንዲህ ተጠጋግተው። እዩት፣ የሚነካካ የለም።»

«ሰው ቢሆን ተረጋግጦ ነበር» አለ በሩ ላይ የቆመው።

ውባለም ወረቀት ጠየቀች። ፈይሩዝ ፎቶውን በመስመር መቶ ቦታ ከፈለችላት። አንዱን ትንሽ ክፍል መርጠው ቆጠሩ፤ ዘጠና አንድ። ሌላውን ቆጠሩ፤ ሰማንያ ሰባት። ሦስተኛው ዘጠና አራት ሆነ። እንግዲህ አንዱ ፎቶ ውስጥ ወደ ዘጠኝ ሺህ ወፍ አለ ማለት ነው። ትናንት መንጋው እንደ ጎርፍ ሳይቋረጥ ሃያ ደቂቃ ነው የገባው። ካሜራዋ ፊት ያለው ወፍ አልፎ በሌላ ለመተካት አሥር ሰከንድ ይበቃዋል። ውባለም አባዛች፤ ውጤቱን አይታ ሰረዘችና እንደ አዲስ አባዛች። ሦስተኛ ጊዜ በስልኳ አባዛች።

«ስንት መጣ?» አሉ ጋሽ ኑዕማን።

«ከአንድ ሚሊዮን በላይ» አለች። «አንዱ ወፍ በቀን የሚበላው በጣት ጫፍ የምትያዝ ነገር ናት። ሁሉም ሲደመር ግን... በቀን መቶ ኩንታል ያልፋል።»

በገበሬው ፊት ላይ ቁጣ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከሰሌዳው አላነሱም።

ፈይሩዝ ቀጣዮቹን ከፈተች። አንዱ ላይ ስትደርስ ውባለም «እርስዎ ነዎት ጋሼ!» አለች።

ከማሽላው መሐል የእንጨት ማማ ቆሟል። ማማው ላይ አንድ ሰው ወንጭፉን ከራሱ በላይ አንስቷል፤ አፉ ተከፍቷል፤ እየጮኸ ነው። መንጋው ከማሳው ተነስቶ ሰማዩን ሞልቶታል። ከሰውየው ዙሪያ ብቻ ክብ ባዶ ቦታ አለ፤ ውሃ ቋጥኝ ሲያገኝ ለሁለት እንደሚከፈል ወፉ ለሁለት ተከፍሎ ከጀርባው ይገናኛል። ሰውየው ከዚያ ሁሉ መሐል አንዲት ፍሬ ያህል ነው።

ጋሽ ኑዕማን ጣታቸውን ወደ ሰሌዳው ዘርግተው ሳይነኩት መለሱት።

«እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

«እንዲህ ነበር እንዴ ከላዬ?» አሉ። «እኔ እኮ የማየው ፊት ለፊቴ ያለውን ነው። ከጀርባዬ እንዲህ መሆኑን...» ሰሌኑ ላይ ቁጭ አሉ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ረግሜዋለሁ። አባቴም ሲረግመው ነው የሞተው። ማን እንደሠራው ግን አስቤ አላውቅም።»

ፈይሩዝ ዞር ብላ «ላትምልዎት?» አለቻቸው። «በነፃ ነው። ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል።»

«አይ ልጄ። ከዚህ ሥር ተኝቼ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ውባለም ሦስት ፎቶ መረጠች፤ መንጋው የቀረበበት፣ የማሳው፣ የማደሪያው። የማደሪያውን ከመላኳ በፊት ፈይሩዝ እጇን ያዘቻት።

«ይሄ ምንድን ነው? ግራሩ ላይ፣ ከወፎቹ ሥር።»

አቀረቡት። ሦስት ቀፎ ተሰቅሏል። ውባለም ትናንት እዚያው ሥር ቆማ አላየቻቸውም ነበር።

«የኤርሚያስ ቀፎዎች ናቸው» አሉ ጋሽ ኑዕማን። «መርዙ ከወረደበት ንቡ አለቀ።»

እሳቸው ወዲያው ለኤርሚያስ ደወሉ፤ ውባለም ፎቶዎቹን ላከች። ፈይሩዝ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጋ እንድትልካቸው አስጠነቀቀቻት፤ እንደ ፎቶ ከተላኩ ተጨምቀው ተመልሰው ጭስ ይሆናሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሦስተኛው ደረሰ።

አቶ ዘውዴ የደወለው ዘጠኝ ከሃያ ላይ ነው። ሰላምታ አልሰጠም።

«ከስብሰባው ላይ ነው የምደውልልሽ» አላት። «አንዱን አጉልተን ግድግዳው ላይ አሳየን። አሥራ አራት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ከአውሮፕላን ሆኜ ስንቴ አይቼዋለሁ መሰለሽ። እንዲህ ግን አላየሁትም። ነገ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንደርሳለን። ሰውም ከብትም ከወንዙ ይራቅ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ፈይሩዝ ቤቷን ዘጋች። ውባለም ሚኒባስ ውስጥ ስታገኛት ገረማት።

«ዛሬ ገበያ አይደለም እንዴ?»

«ነው» አለች ፈይሩዝ። «ከትናንት ጀምሮ ዓይኔን ስጨፍን ወፍ ነው የማየው። ከእኔ ቤት እስከዚያ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሄጄ አላየሁም። ከማለቁ በፊት በዓይኔ ልየው።»

ጋሽ ኑዕማን ነፋሱ ከኋላቸው በሚነፍስበት በኩል፣ ከማደሪያው ራቅ ያለ ጉብታ ላይ ይዘዋቸው ወጡ። ኤርሚያስ ቀፎዎቹን አውርዶ ወስዷል። እረኞች ከብቱን ወደ ላይ ነድተዋል። በሩቁ የአስፋልቱ መኪኖች ይታያሉ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ፈይሩዝ ወደ ምዕራብ እያየች ጠበቀች።

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው። ከሩቅ ዝናብ ቅጠል ላይ ሲወርድ ይመስላል። ቀጥሎ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ። ሰማዩ ላይ ገና ምንም ሳይታይ ድምፁ ደረታቸው ውስጥ ገባ። ከዚያ ከማሳዎቹ በላይ ጥቁሩ መስመር ተነሳ፣ ተጠማዘዘ፣ ወደ እነሱ ዞረ፣ ከጭንቅላታቸው በላይ አለፈ። ነፋስ ፊታቸውን መታቸው፤ የአንድ ሚሊዮን ክንፍ ነፋስ። የፈይሩዝ ሻሽ ተነሳ። አልያዘችውም። አፏን ከፍታ ወደ ላይ እያየች ቆመች።

«ፎቶው ድምፅ የለውም!» ብላ ጮኸች። ጎኗ የቆመችው ውባለም እንኳ አልሰማቻትም።

መንጋው ወደ ሸንበቆው ወረደ። ሸንበቆው ከክብደቱ የተነሳ ጎንበስ አለ። ትንሽ ቆይቶ ከደቡብ በኩል ሌላ ድምፅ ተሰማ። ትንሿ ቢጫ አውሮፕላን ከዛፎቹ ራስ እምብዛም ሳትርቅ መጣች። ከሥሯ ነጭ ጉም እየለቀቀች ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ከግሪሳው ግማሽ ያህሉ ከጉሙ አምልጦ ተነሳ፤ እየተጠቀለለ፣ እየተዘረጋ ወደ አፋር በረሃ በኩል ሄደ። ጋሽ ኑዕማን እስኪጠፋ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት። ፈይሩዝ ስታለቅስ ውባለም አየቻት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውባለም የተረፈውን ሰብል ለመመዝገብ ተመልሳ ወረደች። ከጋሽ ኑዕማን ማሽላ ሲሶው ተበልቷል፤ የቀረው ጠንክሯል፣ ቀልቷል። ማሳው ውስጥ ዝምታ ነበር። እሳቸው ማጭዳቸውን እየሳሉ ነበር የጠበቋት።

«እንግዲህ ተገላገሉ ጋሼ» አለቻቸው። «ደስ አለዎት?»

ማጭዳቸውን አስቀምጠው አሰቡ።

«ደስ ብሎኛል» አሉ። «ልጆቼ የሚበሉት አገኙ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ጠዋት ጠዋት ስነሳ እፈራለሁ።»

«ይመለሳል ብለው?»

«እሱማ ይመለሳል። እሱን አይደለም። በላዬ የሚያልፈውን ሁሉ አየዋለሁ እያልኩ ነበር የምኖረው። ለካ አንዱንም አላየሁትም ነበር። ሌላስ ሳላየው ያለፈኝ ምን አለ እላለሁ።»

መሊካ ከማሳው ማዶ ተጣራች፤ አጫጆቹ ደርሰዋል። ጋሽ ኑዕማን ተነሱና ማጭዳቸውን ይዘው ወደ ማሽላው ገቡ። ውባለምም ደብተሯን ገልጣ ተከተለቻቸው።